«ግቢዬን በድሮን አንሺልኝ» ሲሉሽ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሮን ከገዛሁ ቆየሁ፤ እስካሁን የማበርረው ግን ለራሴ ነው። በቅርቡ ቪዲዮዬን ያየ ሰው «የሚሸጥ ቤት አለኝ፤ ከላይ ቅረጪልኝ፣ እከፍልሻለሁ» አለኝ። አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም ጠይቃኛለች። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ስንት ልበል? የመጀመሪያዬ ስለሆነ በነፃ ልሥራው? ድሮኔ 249 ግራም የምትመዝን ትንሽዬ ናት፤ ለከፋይ ሰው ይዣት ብቀርብ ይንቁኝ ይሆን? በዕለቱስ ከምን ልጀምር?
ጀማሪዋ አብራሪ

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ። ሳትለምኚው ሥራሽን አይቶ የመጣ ደንበኛ ትልቅ ነገር ነው። መፍራትሽንም ወድጄዋለሁ። በሰው ንብረት ላይ የሚያበርር ሰው ትንሽ ቢፈራ ለሁሉም ደግ ነው።

ዋጋው ይቆየን፤ ፈቃዱን እናስቀድም። ለራስሽ ስታበርሪ የሚገዛሽ ሕግና ለክፍያ ስታበርሪ የሚገዛሽ ሕግ በብዙ አገር አንድ አይደለም። አሜሪካን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሥራ የሚያበርር ሰው «ፓርት 107» የሚባለው ደንብ ይመለከተዋል። ዕድሜው ቢያንስ 16 መሆን አለበት፤ የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፤ በየ24 ወሩ ደግሞ ዕውቀቱን ያድሳል። የአውሮፓ ኅብረት የያዘው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ ዋናው ጥያቄ ገንዘብ መቀበልሽ ሳይሆን በረራው ለሰው ምን ያህል አደገኛ ነው የሚለው ነው። የድሮኗ ክብደትና ከሰው ያለሽ ርቀት ይታያል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባት እንኳ የጸጥታ ተቋም ይሁንታ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። አንቺ ያለሽበት አገር ሲቪል አቪዬሽን ምን እንደሚል ከራሱ ከመሥሪያ ቤቱ አግኚ። በወሬ የሰማሽው አይበቃም።

የድሮንሽ ትንሽነት አያሳስብሽ። 250 ግራም በብዙ አገር ሕግ ውስጥ መስመር ነው፤ ከዚያ በታች ላለች ድሮን ብዙ ነገር ይቀልላል። ሁሉም ነገር ግን አይቀልልም። በአሜሪካው ደንብ ለሥራ የምትበርር ድሮን 249 ግራምም ብትሆን ትመዘገባለች። በአውሮፓም ካሜራ ካላት ባለቤቷ መመዝገብ አለበት። ምስሏን በተመለከተ፣ የቤት ማስታወቂያን ሰው ባብዛኛው የሚያየው በስልኩ ነው። በደህና ብርሃን የተነሳ የትንሽ ድሮን ምስል ለዚያ ከበቂ በላይ ነው። ድክመቷ ነፋስ ላይ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በነፃ ልሥራው ላልሽው፣ አትሥሪው። አንደኛ፣ በነፃ መሥራት ከሕጉ አያስወጣሽም። የአሜሪካው ደንብ የሚጠይቀው «ተከፍሎሻል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ለመዝናናት ነው ወይ ያበረርሽው?» ብሎ ነው። የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ መዝናኛ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጣል። ምንም ያልከፈለ ሰው ለሥራው ጊዜ አይሰጥም። ግቢውን ሳያስጠርግ ይጠብቅሻል። በሩን የሚከፍት ሰው ይጠፋል። ምስሉን ከወሰደ በኋላ ደግሞ «ይቺን ብቻ ቀይሪልኝ» ማለቱን አያቆምም። ያን ሁሉ ተሸክመሽ «ልምድ አገኘሁ» ብትዪ ልምዱ መጥፎ ልምድ ነው። መለማመድ ከፈለግሽ የዘመድሽን ወይም የጓደኛሽን ቤት ቅረጪ። ለደንበኛ የምታሳዪው ናሙና ይሆንሻል።

ዋጋ መቀነስ ከፈለግሽ ቀንሺ፤ ግን በግልጽ ይሁን። ሙሉ ዋጋሽን ጻፊው፣ ከሥሩ «ለመጀመሪያ ሥራ ቅናሽ» ብለሽ ቀንሺ፣ የመጨረሻውን አስቀምጪ። ያኔ ሰውየው ሲመለስም ሆነ ለጓደኛው ሲነግርልሽ የሚያስታውሰው ሙሉ ዋጋውን ነው። ዝም ብለሽ በርካሽ ከጀመርሽ ግን ርካሹ ዋጋሽ ይሆናል፤ ከዚያ ከፍ ማድረግ ከባድ ጣጣ ነው።

ስንት የሚለውን ቁጥር አልነግርሽም፤ ያለሽበትን ገበያ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አሰላሉን ግን ልንገርሽ። በበረራ ደቂቃ አታስከፍዪ። ሰውየው «ሃያ ደቂቃ ለማይሞላ በረራ ይሄ ሁሉ?» ይልሻል፣ በረራውን ብቻ ካሰበው ደግሞ እውነቱን ነው። በረራው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። የአየር ክልሉን ማጣራት አለ፤ መሄድና መመለስ አለ፤ ግቢውን መዞር፣ ምስሉን መምረጥ፣ ቀለሙን ማስተካከል፣ መላክ፣ ማስተካከያ ሲጠየቅ መመለስ አለ። የባትሪና የፕሮፔለር እርጅና አለ። መድን ካለሽ እሱም ይደመር። መድኑ ደግሞ ለተከፈለበት ሥራ የሚሠራ መሆኑን ውሉን አንብበሽ አረጋግጪ፤ ለመዝናኛ በረራ ብቻ የሚሸጥ መድን አለ። ይህን ሁሉ ሰዓት በወረቀት አስቀምጪና ለአንድ ሰዓትሽ ስንት እንደምትፈልጊ ወስነሽ አባዢው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ስትደርሺ ድሮኗን ከቦርሳ አታውጪ። መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ግቢውን በእግርሽ ዙሪ። «ምን እንድቀርጽ ይፈልጋሉ?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ሁሉንም» ይሉሻል፤ ምንም አልነገሩሽም ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው «ሰው መጥቶ ሲያየው መጀመሪያ ‹ውይ!› የሚለው የት ጋ ነው?» ብዬ ነው። ያኔ ፊታቸው ይለወጣል። አንዱ በኩራት አዲሱን ጣሪያ ያሳይሻል። ሌላዋ ከኋላ በር ወደ ዛፉ የሚወስደውን መንገድ፤ ጠዋት ጠዋት የምትቀመጥበትን። ቀረጻሽ የሚጀምረው እነሱ ቆም ካሉበት ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ ሰፊ መሬት ላይ ላለ የቤተሰብ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ስክሪኑን ከትከሻዬ በኩል እያዩ «ከፍ! አሁንም ከፍ!» ይሉኛል። መቶ ሜትር አካባቢ ስደርስ ቤቱ የክብሪት ቀፎ አከለ። የሚታየው ጣሪያና ጣሪያ ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አወረድኳት። ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብላ ቆመች። በሩ ታየ፣ መስኮቶቹ ታዩ፣ የጣሪያው ቁልቁለት ታየ፣ ከኋላ ደግሞ ኮረብታው ሙሉ ሆኖ ገባ። «ይኼ ነው ቤቴ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ሰው የሚኖርበት ይመስላል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ላሠለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው። ሕጉ በብዙ አገር እስከ 120 ሜትር ይፈቅድልሻል፤ ቤት ግን ቤት የሚመስለው ከ5 እስከ 15 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። የድሮን ካሜራ ሌንስ ባብዛኛው ሰፊ ነው፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ሁሉንም ነገር ያሳንሳል። ከፍ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ሾት ብቻ ያዢ፤ መሬቱ የት ድረስ እንደሆነ፣ መንገዱና ሰፈሩ የት እንዳሉ ያሳያል። ቀሪው ዝቅ ይበል።

በዙሪያው ስትሄጂ ቀና እያልሽም ተመልከቺ። የኤሌክትሪክና የስልክ ሽቦ ፈልጊ። የድሮን ሴንሰር ቀጭን ሽቦን አያይልሽም፤ በዚህ ላይ ማንንም እንዳታምኚ። ሽቦው ከየትኛው ምሰሶ ወደየትኛው እንደሚሄድ በጣትሽ እየጠቆምሽ ተከተዪው። ሽቦውን ስክሪን ላይ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ምሰሶውን ግን ታዪዋለሽ፣ ስለዚህ ምሰሶዎቹን በልብሽ ያዢ። ከዛፎቹና ከሕንፃዎቹ ረጅሙን ለዪና «ሪተርን ቱ ሆም» የሚባለውን የመመለሻ ከፍታ ከእሱ በላይ አድርጊ። ግንኙነት ቢቋረጥ ድሮኗ በዚያ ከፍታ ነው ቀጥ ብላ የምትመጣው። በዛፍ ሥር ወይም በጣሪያ ክፈፍ ሥር እያለች ግን መመለሻውን አትጫኚ፤ መጀመሪያ ቀጥ ብላ ልትወጣ ትሞክራለች። መነሻሽ ክፍት ቦታ ይሁን። ከመኪና፣ ከቆርቆሮ ክምርና ብረት ካለበት ኮንክሪት ራቂ፤ ኮምፓሱን ያሳስቱታል። መዋኛ ገንዳ ካለ በላዩ ዝቅ ብለሽ አታብርሪ፤ ከታች ያሉት ሴንሰሮች ውሃ ላይ ይደናገራሉ።

ስለ ነፋሱ ቃል በገባሁት መሠረት፦ በአንቺ ክብደት ያሉ የታወቁ ድሮኖች በሰከንድ 10.7 ሜትር የሚደርስ ነፋስ እንደሚችሉ አምራቹ ይጽፋል። ያ ቁጥር ድሮኗ በነፋስ ላለመወሰዷ ነው፤ ለጥሩ ምስል አይደለም። ቅጠል ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ነፋስ ካለ ቀጠሮውን አዛውሪ። በሕንፃ ጀርባ ደግሞ ነፋሱ ይሽከረከራል፤ ከግድግዳ ራቅ በይ። ባትሪ 30 በመቶ ሲደርስ ውረጂ። ካርቶኑ 30 ደቂቃ ቢልም አንቺ በ20 ደቂቃ አስቢ፤ ሦስት ባትሪ ካለሽ ተረጋግተሽ ትሠሪያለሽ።

ብርሃኑን ከቤቱ ፊት ጋር አገናኚው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት ሂጂ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል። እኩለ ቀን ላይ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ሲመሻሽ የቤቱን መብራቶች በሙሉ አስበርተሽ የምታነሺው ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንበኛው ከሁሉም አስቀድሞ የሚመርጠው ነው። ለምሽት በረራ ግን ድሮኗ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንድታደርጊ የሚያዝዝ ሕግ ያለባቸው አገሮች ስላሉ አጣሪ።

ቪዲዮውን በአንድ ሾት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አድርጊው። ወይ ወደ ፊት ሂጂ፣ ወይ ወደ ላይ ውጪ፣ ወይ ዙሪ። ጀማሪ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሲያደርግ ተመልካቹን ያዞረዋል። በዝግታው ሞድ አብርሪ፤ እንቅስቃሴው ሲጀምርና ሲያልቅ ጥቂት ሰከንድ ቁሚ፣ ኤዲት ስታደርጊ ታመሰግኚኛለሽ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ከቀረጽሽ ሹተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል። ለዚያ በደማቅ ፀሐይ ኤንዲ የሚባለው፣ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ያስፈልግሻል።

ጎረቤቶችን ደግሞ አትርሺ። ከመነሳትሽ በፊት ባለቤቱ አንኳኩቶ እንዲነግራቸው አድርጊ። ድንገት በግቢያቸው ላይ ድሮን የሰማ ሰው ሊቆጣ መብቱ ነው። ካሜራሽን ወደ መስኮታቸው አታዙሪ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ የመኪና ታርጋ፣ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ሕፃን፣ እነዚህ ምስልሽ ውስጥ መግባት የለባቸውም። የጠራሽ ሰው ራሱ ባለቤቱ መሆኑንም ጠይቂ። ደላላ ወይም ተከራይ ሊሆን ይችላል። ያኔ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ፣ አጭር መልእክትም ቢሆን፣ ተቀበዪ።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር አለ። ደንበኛው «ድንበሬን በቀይ መስመር አሳዪልኝ» ሊልሽ ይችላል። ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ መስመር መሳል ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ድሮን አብራሪ ከአየር የተሠራ የመሬት ካርታ ለደንበኞች ሊሰጥ ሲል የግዛቱ የቀያሾች ቦርድ ያለ ፈቃድ ቅየሳ ነው ብሎ አስጠነቀቀው። ሰውየው «የመናገር ነፃነቴ ነው» ብሎ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለቦርዱ ፈረደ። ስለዚህ ልኬትና ድንበር የቀያሽ ሥራ ነው በይ። ደንበኛሽ ነገ ከጎረቤቱ ጋር ቢካሰስ የአንቺ ቀይ መስመር ችሎት ፊት እንዲቀርብ አትፈልጊም።

ውሉ አንድ ገጽ ይብቃው። ስንት ፎቶ፣ የስንት ደቂቃ ቪዲዮ፣ መቼ እንደምታስረክቢ፣ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪ ጻፊ፤ እኔ አንድ ጊዜ እላለሁ። ዝናብ ወይም ነፋስ ካለ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ቀን እንደሚሆን፣ መብረር ያስጋል ካልሽ የመጨረሻው ቃል የአንቺ እንደሆነ ይግባ። ግማሹን በቅድሚያ ተቀበዪ። የእንግዳ ማረፊያዋን ሥራ ለብቻው አስቢው። ቤት የሚሸጥ ሰው ምስሉን የሚፈልገው እስኪሸጥ ነው፤ እሷ ግን ለዓመታት ታስተዋውቅበታለች፣ ዋጋውም ይህን ያንጸባርቅ። እንግዶች ግቢ ውስጥ ካሉ በላያቸው አታብርሪ። ክፍሎቹ ባዶ የሚሆኑበትን ሰዓት ጠይቂያት። ለስልክ የሚሆን ቁመታም ቪዲዮም አብረሽ ስጫት፣ ትፈልገዋለች።

ከሁለቱ የቱን ላስቀድም ካልሽኝ የሚሸጠውን ቤት አስቀድሚ። ሥራው አጭር ነው፤ የሚታይ መጨረሻም አለው።

ጥያቄ፦ ቤቴን ለማከራየት በድሮን ላስቀርጽ ነው። ሁለት ወጣቶች ዋጋ ሰጥተውኛል፤ አንደኛው የሌላውን ግማሽ ነው የጠየቀው። በምን ልለያቸው?
ባለቤት ነኝ

መልስ፦ በዋጋው ብቻ አይለዩዋቸው፣ እባክዎ። ሁለቱንም ሦስት ነገር ይጠይቁ። ፈቃድና ምዝገባ እንዳላቸው ያሳዩዎት። ቢወድቅና ጣሪያ ወይም መኪና ቢሰብር ማን እንደሚከፍል ይንገሩዎት። ከዚያ በፊት የሠሩትን አንድ ሙሉ ሥራ፣ የተመረጡ ቁርጥራጮች ሳይሆን ሙሉውን፣ ያሳዩዎት። ግቢውን ሳያይ «ነገ መጥቼ ባንዴ እጨርሳለሁ» የሚልዎትን ይጠንቀቁ። «ቤቱ ፊቱ ወደየት ነው?» ብሎ የጠየቀዎትን ይቅጠሩ። ከእርስዎ በኩል ደግሞ ጣሪያውን ቀና ብለው ይዩት። ብዙ ቤት ላይ የተረሳ ጎማና የተሰበረ ባልዲ ይገኛል፤ ከመሬት አይታይም፣ ድሮን ግን ከሁሉ በፊት እሱን ያሳያል።

ጥያቄ፦ አንድ ደላላ «ቤቱ ሲሸጥ ከኮሚሽኔ እከፍልሃለሁ፤ ወደፊት ብዙ ሥራ አመጣልሃለሁ» ይለኛል። ልቀበል?
ከአንድ ወንድም

መልስ፦ አትቀበል፣ ወንድሜ። ቤቱ መሸጥ አለመሸጡ በዋጋው፣ በሰነዱና በገበያው ይወሰናል፤ አንተ ከእነዚህ አንዱም በእጅህ የለም። ሥራህ ያለቀው ፋይሉን ስትልክ ነው፣ ክፍያህም ያኔ መጠናቀቅ አለበት። ደላላውን አታስቀይመው። ብዙ ሥራ ካለው እሰየው፤ ለመጀመሪያው ሙሉ ዋጋ ይክፈል፣ ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ ይህን ያህል እቀንስልሃለሁ በለው፣ በጽሑፍም ስጠው። እምቢ ካለ ትንሽ መጠን ያለውን፣ ምልክት የታተመበትን ናሙና ላክለትና ሲከፍል ሙሉውን ትለቅለታለህ።